ሠላሳ ስምንት ቀለህ

አባ ጨብሳ ከማና ላከልኝ፣ በዱቄት ከረጢት ቋጥሮ፣
ሠላሳ ስምንት ቀለህ፣ ከነጭቃው ከነጥላሸቱ።
«በቆሎዬን ከርከሮ ጨረሰው፤ የሚሞላልኝ ሰው አለ፤
አንተ ብቻ አጥበህ ላክ» ይላል ወረቀቱ።
በምን እንደማጥብ ግን አልጻፈም።

ስሜ አስታጥቄ ነው፤
በዕድሜዬ ግን ከመታጠቅ ማጠብ በዛብኝ፤
ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ
ጠርሙስ ሳጥብ ሸበትኩ።
ቆሻሻን በየዘሩ አውቀዋለሁ፤
የሚሟሟ አለ፣ የሚፋቅ አለ፣
ደግሞ ቆሻሻ መስሎ
የዕቃው የገዛ ቆዳው የሆነ አለ።

ቦሳ ቀቶ፣ ከጓሮዬ፣ ዋንዛው ሥር፣
በባለ ሦስት እግር በርጩማዬ ተቀምጬ
በአመድ ጀመርኩ። አባቴ በአመድ ነበር፤
በእርጥብ ጨርቅ ቆንጥሮ፣ አንዷን ግማሽ ሰዓት፣
ጥፍሩ ሥር እስኪጠቁር።
ውጭዋ በራ፤
ሆዷ ግን ያው ምድጃ፤
ለበዓል ብቻ ፊቱን እንደሚታጠብ ሰው።

«አሲድ እያለ!» አለኝ መሐዲ፣ ባለጋራዡ፤
ከሞተ ባትሪ ቀድቶ አመጣልኝ በጣሳ።
አንዷን ነከርኩ፣ መቶ ቆጠርኩ፣
ወጣች፣ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆና።
«አማረባት!» አለ።
እኔ ሮዙን አውቀዋለሁ፤
ዚንኩ ሸሽቶ መዳብ ብቻውን ሲቀር ነው፣
መልክ ጠርቶ አጥንት ሲቦረቦር።
በጉጠት ጫን ባደርጋት አፏ ተሰነጠቀ።
ሠላሳ ሰባት።

ከዚያ የአገሩን ዘዴ አሰብኩ፤
ጅማ ተቀምጦ ገለባ የቸገረው ማን አለ?
ከመፈልፈያው ግማሽ ኩንታል የቡና ገለባ፣
አንድ ጀሪካን፣ አንድ የብስክሌት ጎማ፤
ሙንተሃ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሦስተኛ ክፍል፣
ፔዳሉን በእጇ ታዞራለች፣ ትስቃለች፣
ሆዱ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል።
ከሰዓት በኋላ ስንከፍተው
ቀለሆቹ እንደ አዲስ ብር!
ግን ጥቁር ብናኝ ተነሣ፤
ልጅቱ አስነጠሰች፣ በመሐረቤ ጠረግኳት፣
መሐረቤ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ።
እርሳስ ነው።
እርሳስ በእጇ ቢገባ ደስታዬ፤
በሳንባዋ ግን አይገባም።
ጀሪካኑን ከደንኩት።

«ጋሽ አስታጥቄ፣ ይሄ ብረት ስሙ ማነው?»
«ናስ።»
«ናስማ ሰው ነው!» አለች፤
«መድረሳ ቀርተናል፣ በዐረብኛ ናስ ሰዎች ማለት ነው።»
እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ አሳጠብኳት፣ ሄደች።
እኔ ብቻዬን ከሠላሳ ሰባት ሰዎች ጋር ቀረሁ፤
አፋቸውን ከፍተው፣
አንዴ ጮኸው የጨረሱ።

ማታ ለብ ያለ ውኃ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣
ቁንጥር ሳሙና። ዘዴ ይሉታል ይሄን?
ሃያ ደቂቃ ዘፈዘፍኳቸው፣
በድሮው የጠርሙስ ቡሩሼ አንድ በአንድ ሆዳቸውን፣
በቀስታ፣ የማላውቀው ሰው ቁስል እንደማጥብ።
እጣቢውን ወደ አወቱ አልደፋሁትም፤
በባልዲ ከድኜ አኖርኩት፣ እስካሁን መድረሻ አጥቶ ተቀምጧል።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው ላይ አሰጣኋቸው።
አላበሩም። ወይባ ቀለም ይዘው ቀሩ፤
ቆዳቸውን አልገፈፍኩም።
የሁለቱ ስንጥቅ ግን ያኔ ታየ፣
ከመቀመጫቸው በላይ፣ ፀጉር የምታክል መስመር፤
በቆሻሻው ተሸፍና የኖረች።
ለይቼ አስቀመጥኳቸው።
ከዚያ የጅማ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ፣
በመሰላል ወጥቼ በባርኔጣዬ ለቀምኩ፤
ብቆጥር ሠላሳ አራት። ደግሜ ብቆጥር ሠላሳ አራት።

ለአባ ጨብሳ ጻፍኩ፤
«ሠላሳ አራቱን ላክሁ፤ ሦስቱ እክል አለባቸው፤
አንዷን ዝናብ ወሰዳት።»

ሰኞ ሙንተሃ ከበረንዳዬ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች።
ሁለት ጣት የማትሞላ የእርሳስ ቁራጭ፣
መጣያ የሚገባት፣
በቀለህ አንገት ተሰክታ ረዝማለች፤
ልክክ ብላ ገብታለች፣ እርሳስ በእርሳስ ቦታ።
ቀና አለች። ጥፋት የሠራች መሰላት።
«ታጥባለች አይደል?» አለችኝ።