እስከ ሰኞ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ከሩብ፣ ጥር ወር፣ ብሬመርሃቨን፤
ስልኬ ትራስ ሥር ሲያጉረመርም ገለጥኩ አንድ ዓይኔን።
«ማስጠንቀቂያ፦ ደረጃ አንድ፣ ዘጠና አራት ከመቶ፤
ለሬይድ አስር የሚመደብ ቦታ ታጥቶ።»
ይኸው ነው። ማሽን አያለቅስ፣ አይለምንም፤
ይሉኝታ የሚባል አያውቅ፣ «ሲነጋ ልደውል» አይልም።

በብስክሌት ወጣሁ። ቬሰር ላይ ነፋሱ ጨው ያዘለ፣
ክሬኖቹ ቀይ መብራት አንጠልጥለው፣ መንገድ ላይ ማንም የለ፤
አንድ የዓሣ መኪና ብቻ በወደቡ በር፣
ሾፌሩ የመስታወቱን በረዶ በባንክ ካርዱ ሲሸረሽር።

ምድር ቤት፣ ከሁለት በር ኋላ፣ ያ የዲስኮች ከተማ፤
የማራገቢያው ጩኸት፣ የራስን ሐሳብ እንኳ የማያሰማ።
አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አንዷ ብቻ ቢጫ።
ቀይ ብትሆን ይሻል ነበር፤ ቀይ አለው መቁረጫ፤
ቢጫ ግን ምንድን ነው? የ«ምናልባት» መቀመጫ።

ቆጠርኩ። ጠቅላላው ዲስክ ሲሰፈር
ሲሶው ባዶ ነው! ታዲያ ምን ያስደነብር?
ቦታ አለ። ማሽኑ «የለም» አለ።
ሁለቱም «አለ» እውነት ነው፤ ነገሩ በመካከል አለ።

አንድ ጎተራ አይደለማ፤ ፎቅ ነው፣ ደረጃ ያለው፦
ላይኛው ጠባብ፣ ፈጣን፣ ውድ፣ የዛሬን የሚይዝ ነው፤
ታችኛው ሰፊ፣ ዝግተኛ፣ እያቃሰተ የሚሽከረከር፣
ማንም የማይጠራው ሁሉ ወርዶ የሚያድር።
ላይ፣ እያንዳንዱ ቃል ሁለቴ ይጻፋል፤
አንዱ ዲስክ ቢሞት መንታው ይተርፋል።
ታች መንታ የለም፤ የጠፋው ከቀሩት ተሰልቶ ይገኛል፤
እንደ ዕድር ነው፣ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍናል።
የቆየ ይውረድ፣ አዲስ ይግባ፤ ሕጉ ይህ ነበረ፤
አንድ ነገር ግን ላይ ተቀምጦ፣ አልወርድም ብሎ ቀረ።

ፈለግኩ። ጥራዝ በጥራዝ፣ ቅጽበት በቅጽበት፣
ስናፕሾቶቹን ስገልጥ፣ አንዱ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፦
የመርከብ መግቢያ መዝገብ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የታሰረ።
ማብቂያ ቀን፦ «የለም»። ከሥሩ ማስታወሻ ሰፍሮ ነበረ፦

«እስከ ሰኞ አትንኩት። ኤኖ።»

የቱ ሰኞ?
ከአምስት መቶ ሰባ በላይ ሰኞ አልፏል፣ ዝናቡም በረዶውም።
ኤኖ ሃርምስን በአካል አላውቀውም፤ ወንበሩን ነው የወረስኩት፣
መሳቢያ ውስጥ የተዋትን ካቻቢቴ፣ እስከ ዛሬ የምሠራባት።
ልሰርዘው? ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። ምን ይሆን የያዘው?
የሰመጠ መርከብ ምስክር? ፍርድ ቤት የሚጠብቀው?
ከስናፕሾቱ ይልቅ ፍርሃቴ ነበር ቦታ የፈጀው።

ዘጠና አምስት። ስቬንያ ከማማው ጻፈች፦
«ክሬን ሰባት ኮንቴይነር አንጠልጥሎ ቆሟል፤
መዝገቡ አልመልስ አለው። ምን ልበለው?»
«ትንሽ ይታገሥ» በይው።
ለጊዜው ከታችኛው ፎቅ ቆንጥሬ ለአዲሱ ጽሑፍ ቦታ ሰጠሁ፤
በካሜራው፣ ያ ሰማያዊ ሣጥን ቀስ ብሎ ሲወርድ አየሁ።

ሲነጋ፣ ሁለት ሰዓት፣ ደወልኩ፤ ሦስቴ ጠርቶ አነሳ፤
«እስከ ሰኞ» ስለው ዝም አለ፤ ቆይቶ ሳቁ ተነሣ።

«ሰኞ ዲስክ ልለውጥ ነበር፤ ለጥንቃቄ ነው ያስቀመጥኩት።
ቅዳሜ የአሸንዳዬን ቅጠል ልጠርግ መሰላል ላይ ወጣሁ፤
ከዚያ መሬቱን ነው ያየሁት።
ዳሌዬ ተሰበረ። ሥራም በዚያው ቀረ።
ያ ሰኞ ለእኔ አልነጋም፤ እዚያ ነው እንዴ የነበረ?»

«ልሰርዘው?»
«ሰርዘው። ቆይ፣ ስንት ይይዛል?»
«አራት ቴራ።»
አፏጨ። «ወፍራም ሰኞ ነው» አለ።

ሰረዝኩት። ቢጫዋ ወዲያው አልጠፋችም፤
ቁጥሩም እየተጎተተ ነው የወረደው፣ እንደ ሽማግሌ በደረጃ።
እኩለ ቀን ላይ ሰባ አንድ።

ከመውጣቴ በፊት፣ ሌሊት ቆንጥሬ ለሰጠሁት ቦታ
ማስታወሻ ጻፍኩ፦ «ለጊዜው ነው። እስከ ዓርብ።»
አየሁት።
አጠፋሁት።
ቀን፣ ወር፣ ዓመት ጻፍኩ፤ ምክንያቱን ጻፍኩ፤
ከስሜ ጎን የስቬንያን ስልክ አከልኩ፤
እኔም ቤቴ መሰላል አለኝና።