በረምላ ደብተር፣ ሐምሌ

ረምላ፣ ደብተር አውጪ፣ እርሳስሽን ቅረጪ፤
በግራ «ገቢ» በይ፣ በቀኝ በኩል «ወጪ»።
ስምንተኛ ደርሰሻል፣ መደመር ታውቂያለሽ፤
የዛሬውን ውሎ ታሰዪልኛለሽ።
«ኩፖን ካለሽ» ይላል የቀበሌው ሰው፣
«ኑሮሽ ይቃለላል»፤ እኔ ግን የማምነው
ቆጥሬ ሳየው ነው።

ጻፊ።
ሄርማታ ካለው ሱቅ ባለ አምስቱ ሊትር
አንድ ሺ አራት መቶ፤ ስንት ዚፕ ልቀይር!
በሸማቾች ማኅበር፣ ኩፖን ላሳየ ሰው፣
ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። ቀንሺው፣ ቀንሺው።
አራት መቶ ሃምሳ! በግራ አስፍሪው፤
ተለቅ አርገሽ ጻፊ፣ ዓይኔ እንዲጠግበው።

አሁን ወደ ቀኝ ነይ።
ሌሊት አሥራ አንድ ላይ ስወጣ ከቀዬ
የጅማ ሐምሌ ነው፣ ቧንቧ ነው ከላዬ፤
አዌቱ ሞልቷል፤ ድልድዩ ጋ ጭቃ፣
በእግሬ ብጀምርም ጫማዬ መች በቃ።
ባጃጅ ያዝኩ፤ በዝናብ እጥፍ ነው የሚሉሽ፤
ስልሳ ብር። ጻፊ። ምነው ዘገየ እጅሽ?
መመለሻውም ስልሳ፤ አምስት ሊትር ተሸክሞ
ማን ይሄዳል በእግሩ፣ ወገቡ ታሞ?

ሰልፉ ከመጋዘን እስከ ወፍጮ ቤቱ፤
ጀሪካን በገመድ፣ ድንጋይ በየፊቱ፣
ወረፋ የሚይዝ ጡብ፣ የተቀደደ ጫማ፣
ባለቤቱ ሳይኖር ቆሞ የሚሻማ።
ከፊቴ ቆማለች የቦሳዋ ትርፌ፤
በአንዷ ጃንጥላዋ፣ ክንዷን ተደግፌ
ሦስት ሰዓት ቆምኩኝ። ሳቋን አትጠይቂኝ፤
የባሏን አዲስ ጥርስ እያወራች ፈጀችኝ።
ይህንን አትጻፊ። ሳቅ ዋጋ የለውም፤
ወይስ... ተይው፣ ቆይ፣ አሁን አይደለም።

አራት ሰዓት አልፎ መስኮቱ ሲከፈት፣
ኡርጌሳ፦ «ያለ ሳሙና አይሸጥም ዘይት!»
ስድስት ደረቅ ሳሙና፣ አረፋ የሌለው፤
እኛ ቤት ሳሙና መች ጠፋና ነው?
መቶ ሃያ። ጻፊ። ወደ ቀኝ ነው።

የመምህሩ ሱሪ ዛሬ ነበር ቀጠሮው፤
ቢመጣ ዝግ ሆነ፤ ለሌላ ሰፊ ሰጠው።
ሰማንያ ብር ቀረ። የጃኬት ዚፕ መቀየሪያ
ሌላ አንድ መቶ። ጠቅላላ? መቶ ሰማንያ።

ደምሪው። «አራት መቶ ሃያ ሆነ፣ እማ።»
እና የተረፈው? «ሠላሳ።» ስሚማ፣
በሠላሳ ብር ነው ስበሰብስ የዋልኩት፤
የእፍኝ ሽንኩርት ዋጋ፣ እሱም ካገኘሁት።

ቆይ፣ አትዝጊው ገና። አንድ ነገር ረሳሁ፤
አልረሳሁም እንኳን፣ መንገሩን ፈራሁ።
አባ ሜጫን ታውቂያለሽ፣ በርጩማ ጠራቢው፣
በቀኝ እጁ ላይ ጣት አንድ የጎደለው፤
ከኋላዬ ነበር፣ ቀልድ የማይወደው።
«የሰኔ ነው፣ አልፏል፤ ቀጣይ!» አለ ኡርጌሳ፤
ሰልፉ ገፋ አደረገው፣ ማንም ድምፅ አላነሳ።
ኩፖኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣
እንደገና አጥፎ ላስቲኩ ውስጥ ከተተው።
ምንም አልተናገረ።

ትርፌ አየችኝ፤ አየኋት። ከጥግ፣ ከወፍጮው ሥር፣
በእሱ ኮዳ ቀዳን፣ ከእኔ አንድ ሊትር፣
ከእሷም አንድ ሊትር።
እጇ ላይ ፈሰሰ፣ በጸጉሯ ጠረገች፤
«ቅባት ሆነኝ» ብላ እሱንም አሳቀች።

አሁን የት ልጻፈው ትያለሽ፣ ረምላ፤
በኩፖን ነው በሱቅ ዋጋው የሚሰላ?
በኩፖን ከሆነ መቶ ዘጠና ነው፤
በሱቅ ከሆነማ... እኔ ምን አውቄው።
ሠላሳውን በላው፤ ከዜሮም ወረደ።
ግራ ነው ወይስ ቀኝ? እርሳስሽ ሄደ፣ ሄደ፣
መሃል ላይ ቆመ።

«ታዲያ ትርፉስ የታል?» ትርፌማ ቦሳ ናት፤
ለባሏ ጥርስ ውሃ እየቀየረችለት።

ዝጊው በቃ። ሳሙናውን ከአልጋ ሥር ግፊው።
የነሐሴው ኩፖን ከኒዶ ጣሳው ነው፤
እንዳያልፍ፣ ቀኑን ግድግዳው ላይ ጻፊው፤
የአባ ሜጫንም ቀን ከጎኑ ጨምሪው።