ከሎሚ ዛፍ ወደቀ

ሐኪሟ ጠየቀች፦ «ከምን ላይ ወደቀ?»
«ከሎሚ ዛፍ» አልኳት። ድምፄ አልተሳቀቀ።
ሳባቲኖ እኮ ጓሮ የለው፣
አራተኛ ፎቅ፣ በኪራይ ነው፤
በመስኮቱ ጫፍ፣ በቆርቆሮ፣
አንዲት በሶብላ ናት የእሱ ጓሮ።

ጠዋት ነበር። የጣሪያው ጡብ ጤዛ ጠጥቶ፣
እንደ ዓሣ ጀርባ ለስልሶ ወዝቶ፤
እሱ ከላይ ያፏጫል፣ እኔ ከታች ሲሚንቶ አቦካለሁ፤
ጩኸት አልሰማሁም፤ ፉጨቱ ሲቀር ቀና አልሁ።

ውሸቱን ያዋሰኝ ተቋራጩ ነበር፣
ካሊስቶ፣ ጫማውን አቧራ የማይደፍር።
«አንሱት!» አለ፣ «ቶሎ ከዚህ ግቢ ይውጣ፣
ስሙ መዝገብ የለም፣ መርማሪ ሳይመጣ፤
ከሆስፒታሉ በር አውርዱትና ሂዱ፤
ሰኞም ሥራ አለና፣ አደራ እንዳትክዱ።»

እኔና ኤጂዲዮ ተሸከምነው፤
ከአሸዋው መኪና ከኋላ ጫንነው፤
ያገኘነውን ነገር ከራሱ ሥር አደረግነው።
ከቶሬ እስከ ናፖሊ መንገዱ ሲያንገጫግጭ፣
ቬሱቪዮ በቀኝ፣ ነፋስ በስንጥቅ ሲያፏጭ፣
አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ጠየቀኝ፦
«ጫማዬስ? ግራው ጫማዬስ?» እያለ ጨቀጨቀኝ።
እግሩን አላየም። እኔ አየሁት።
በከረጢት ጨርቅ ሸፈንሁት።

በሠራተኛ ማኅበሩ ቢሮ ረጅም አግዳሚ አለ፤
ተራ ሲጠብቅበት ስንቱ ሰው ዋለ!
«ሙያህ ምንድን ነው?» ብሎ ማን ይጠይቃል?
ቁስሉን ያየ ሰው ሙያውን ያውቃል።
ኤሌክትሪክ ሠሪው፦ በመዳፉ ገብቶ፣
በተረከዙ ወጣ፣ ሁለት በር ከፍቶ።
እብነ በረድ ቆራጩ ይስላል፣ ይስላል፣
ሲጋራ ሳይነካ «ሲጋራ ነው» ተብሏል።
አስፋልት ሰባሪው፣ ብርድ በገባ ለታ፣
ጣቱ ኖራ መስሎ ለቁልፍ ሲረታ፣
ኮቱን ሚስቱ ትዘጋለች ጠዋትና ማታ።
ያ ሽማግሌ ደግሞ አፍራሽ ነበር ድሮ፤
የዛሬ ሠላሳ ዓመት ያፈረሰው ጣሪያ
ዛሬ በሳንባው ውስጥ ይኖራል ታጉሮ።
ጣሪያ ሠሪ ብቻ ከአግዳሚው አይታይም፦
ወይ አልጋ፣ ወይ ሣጥን፤ ሌላ ስፍራ አያይም።

ጠበቃዋ ኦርቴንሲያ ደብተሯን ዘርግታ፣
ትጠይቅ ጀመረች አንድ ባንድ ፈትታ፦
«ጣሪያ ላይ ማን ላከው? በምን ቃል? በስንት ሰዓት?
ደመወዙ በእጅ ነው? አለ ወይ የስልክ መልእክት?
ስሙ ባይጻፍም ሕግ አይረሳውም፤
ግን ሕግ ዕውር ነው፤ መሪ ካላገኘ ደጁን አያውቀውም።
ቀንም ይቆጠራል፦ ዝም ያለ ቁስልን ይርጋ ይበላዋል።
ፊርማ ግን አይቸኩል፤ ብዕር ካረፈ ማን ያነሣዋል?»

ሚስቱ አሱንታ ፈገግ አለች። ፖስታው መጥቶላት ነበር፦
ሦስት ሺህ ዩሮ፣ አንድ ገጽ፣ «ዳግም ላልናገር»።
የቤት ኪራይ አስባ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤
ሁለት ጊዜ ቆጥራ፣ አጥፋ መለሰች።
ወረቀቱን ግን አስቀረች፤
ከበሶብላዋ ሥር አነጠፈች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች ጠበቃዋ። «አንተስ?» አለችኝ።
«ሐሰት ተናግረሃል። ያም ያስጠይቃል።
ከዚህ እስከ ሳሌርኖ ሥራ የሚሰጥህ ላይኖር ይችላል።»
እኔ ግን በዚያው ሌሊት አጥሩን ዘልዬ፣
መሰላል ተከራይቼ ሳይሆን ሰርቄ፣
ከአሸንዳው ውስጥ አግኝቼው ነበር፦
ዝናብ የጠጣ፣ ክሩ ያልተፈታ ግራ ጫማ።
በላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛዋ ላይ አኖርሁት፣ ምንም ሳልል።

ዛሬ ኮሪደር ላይ ነኝ። በሩ ተከፍቶ ስሜን ይጠሩታል።
ካሊስቶ ማዶ ተቀምጧል፤ ጫማው ያብረቀርቃል።
ዳኛዋም እንደ ሐኪሟ ትለኛለች፦ «ከምን ላይ ወደቀ?»
ከጣሪያ ጠርዝ፣ ክብርት ዳኛ፤ ከመሬት ሰባት ሜትር የራቀ።
«የደኅንነት ገመድ ነበረ ወይ?» ካለችኝም፣
ነበረ እላለሁ፣ ነበረ፤ አልዋሽም።
አዲስ ገመድ፣ ከነላስቲኩ፣ መኪናው ውስጥ፣ ተጠቅልሎ፤
ከቶሬ እስከ ናፖሊ
ትራስ አድርገንለት ነው የተኛ።