ለታጠበ ድንጋይ

ሰፈሩን ሲጠሩት «ቧንቧ ውሃ» ይሉታል፤
ውሃው ከሄደ ግን ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።
ጀሪካን ከሰው ፊት ተሰልፎ ያድራል፣
በገመድ ታስሮ፣ በጠጠር ተይዞ፣
አንዱ ክዳን አጥቶ፣ ያንዱ እጀታ ቀልጦ በሽቦ ተጠግኖ።

ዘምዘም ስትመጣ ሰልፉ ይስቃል፦
«ስምሽ ዘምዘም ሆኖ፣ አንቺም እንደኛ ነሽ?»
አብራ ትስቃለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሰለቻት ቀልዱ፣
ወይ ሰልችቷት ይሆናል፤ ማን ጠይቋት ያውቃል።

በዘጠነኛው ሌሊት
ጦሳ ጉሙን ሳይለብስ፣ በአዝዋ ገደል ማዶ ሰማይ ተጫረና
እንደ እርጥብ ክብሪት አንዴ ቦግ፣ አንዴ ጭልም አለና
ከዘምዘም ጓሮ፣ ከጎመኑ መደብ
አንድ ነገር ወደቀ።
ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ሕፃን ተነጫነጨ፤
ሰፈሩ ተመልሶ ተኛ።

ጠዋት ስትኮተኩት አገኘችው፤
ከሰል የመሰለ፣ ከጡጫ የሚያንስ።
አሸተተችው አሉ፤
ሐረጎ ዳገት ላይ አስፋልት ሲያፈሱ ያለውን ሽታ ሸተታት።
ጭቃ ለብሷል፣ የጎመን ቅጠል ተለጥፎበታል።
እንግዳ ነው እንግዲህ፤
ከሩቅ የመጣ እግሩን ሳይታጠብ በሯን አልፎ አያውቅም።
ከመጨረሻው ጀሪካን፣ ከዝቃጩ በላይ ካለችው፣
ግማሽ ጣሳ ቀዳች
አጠበችው።

እኔ ጋ ሲደርስ በፌስታል ነበረ።
ሥራዬ ድንጋይ ነው፦ ብርሃን እስኪያሳልፍ እልገዋለሁ፣
ከጸጉር አሳንሼ ከመስታወት አጣብቀዋለሁ፤
ዩኒቨርሲቲው አንድ ማሽን አለው፣ መብራት ሲኖር ይዞራል።
«እትዬ፣ ምን አረግሽ!» አልኳት። ጮኽኩ መሰለኝ።
እንዲህ ያለው ድንጋይ ውሃ አይነካውም፤
ስንቆርጠው በደረቅ ነው፣
የግንባራችን ላብ ጠብ እንዳይልበት እንሰጋለን።
ጨዉ ይሟሟል፤ እሱም ይፈርሳል።
ከፌስታሉ ታች ሲሶው ጭቃ ሆኗል፣ ጥቁር፣ ልም፣ እንደ ኩል።

እሷ ያዘነችው ለኔ ነው። ትከሻዬን ነካ አርጋ
«አብሽር» አለች፣ «ብዙም አላፈሰስኩ፤
ግማሽ ጣሳ ናት። ሰኞ ሲመጣ እንተካታለን።»

ማታ በማይክሮስኮፕ አየሁት።
ኦሊቪን የሚሉት አለ፣ አረንጓዴ ብርጭቆ መሳይ፣ የእሳት ልጅ፤
ዳር ዳሩን ተበልቶ ሸክላ ሆኗል፣ ቅጠል በቅጠል ላይ።
በስንጥቁ መሐል ነጭ ኖራ ጋግሯል።
ብረቱ እንደ ኑግ ፍሬ አንድ ላይ ተቋጥሯል።
ይህን የሠራ ውሃ ነው።
የዘምዘም አይደለም፤ የዘምዘምማ ገና አልደረቀም።
ቦርከና ሳይፈስስ፣
ቦርከናን የሚሸከም መሬት ራሱ ሳይኖር፣
በአንዲት ዓለት ሆድ፣ ጨለማ ውስጥ፣
በረዶ ሙቀት አገኘና ቀለጠ፤
ደጅ ወጥቶ «መጣ! መጣ!» ያለ የለም፣
ባልዲ አልተንኳኳም፤
በየስንጥቁ ገባ፣ ሠራ፣ ሠራና ሄደ፣
ስሙን ጥሎ
እንደኛ ሰፈር።

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ናሙናውን የምድር ውሃ ነክቶታል?»
አዎ።
«መጠን?» ግማሽ ጣሳ።
«ምክንያት?»
«ባለማወቅ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።
«ከሩቅ ስለመጣ» ብዬ ተውኩት፤ አለቃዬ ይጠይቀኛል።

ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም።
ረቡዕ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አስነጠሰ፣
አየር ተፋ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ሳለ።
«መጣ!» አለ አንዱ በጨለማ፤
መንደሩ በነጠላ ጫማ ድምፅ ተሞላ።
ባልዲዬን ደቀንኩ።
መጀመሪያ የወረደው ጭቃ ነበር፣ ጥቁር፣ ልም።
ሌላ ጊዜ ቢሆን እደፋው ነበረ።