የዓምና እግር

ቶሩን ከተማ ውስጥ፣ ከቪስዋ ድልድይ በታች፣
ኢግናጺ ጫማ ይሰፋል፣ እግራቸው ላልተካከለ ሰዎች።
የአንዷ ግራ እግር በሦስት ጣት ያጠረ፣
የአንዱ ቁርጭምጭሚት በብሎን የታሠረ፣
ዘጠኝ ሺህ እግር አለው፣ ስም ወጥቶለት፣ ተለክቶ፣
ከአባቱ የእንጨት ፎርማ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ።

እኔ የማሽኑ ሐኪም ነኝ፤ ስሜ ቬስዋቫ ነው፤
በየወሩ ብቅ ስል የሚለኝ ‹ሁሉ ደህና ነው!›
አንድ ቀን ወረቀት ዘርግቼ ጠየቅሁት፦
‹ነገ ጠዋት ሁሉም ቢጠፋ፣ ስንት ቀን ዘግተህ ትችላለህ?
የስንት ቀን ሥራ ቢሰረዝ፣ ሳታለቅስ ትደግመዋለህ?›

መዶሻውን አላስቀመጠም። ‹ቅጂ አለኝ› አለ ቆርጦ፤
ጠረጴዛው ሥር ጥቁር ሣጥን፣ በአቧራ ተውጦ፣
አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤
‹አየሽ? እኔ ስተኛ እሷ ትገለብጣለች።›

መብራት ያየ ዓይን ሥራ ያየ ይመስለዋል፤
የኔ እንጀራ ጥርጣሬ ነው፤ ያልተፈተነ ቅጂ ምኞት ይባላል።
‹እስኪ ሱቅህ ተቃጠለ እንበል› ስለው፣ አማተበ፤
‹አያድርስ በይ!› አለኝ። ቀጥሎ ግን አሰበ።

እሑድ፣ ሱቁ ዝግ ሳለ፣ የውሸት ጥፋት አጠፋን፤
ከቤቴ ባመጣሁት ማሽን ያችን ሣጥን ከፈትን።
አራት ሰዓት ፈጀብን። ሻዩ ቀዘቀዘ።
ስሞቹ ባንድ ባንድ ሲመጡ፣ ክንዴን በደስታ ያዘ።
‹ቲሞንን አውጪልኝ፣ የመምህርቷን ልጅ፤
ሐሙስ ጫማ የሚረከበኝን፣ ያን የሰባት ዓመት ልጅ።›

አወጣሁለት።
ዝም አለ።
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።
‹ይህ የዓምና እግሩ ነው።›

ሣጥኗ ከዓምና መጋቢት ወዲህ፣ ሆዷ ሞልቶ፣
ምንም አልዋጠችም ነበር፤ መብራቷ ብቻ በርቶ።
ልጁ ግን አላቆመም፤ እግሩ ሌሊት ሌሊት አድጓል፤
አጥንት ቅጂ አይጠብቅም፤ አውራ ጣቱ ከመስመሩ አልፏል።
ልኩ የጠፋበትን ደንበኛ ደውለው ‹ና ልለካህ› ይሉታል፤
ያረጀ ልክ ግን ደህና መስሎ፣ ተሰፍቶ፣ ተወልውሎ ያስነክሳል።

ወንበሩ ላይ ሲሰምጥ ጀርባውን መታ አደረግሁት፦
ድስቱ ገና አልተጣደም፤ ለማልቀስ አልደረስንም፤
መጥኖ ለመደቆስ፣ እሑዱ አልመሸብንም።

የቆዳ ቁራጭ ሳበና በጫማ ሰፊ እርሳስ ጻፈ።
አንዱ ቅጂ እዚሁ፣ ለእጅ ቅርብ።
አንዱ ከከተማ ውጭ፣ በኪራይ፣ ተቆልፎ።
አንዱ ከእህቱ ከሉድሚዋ ጓዳ፣
ከተኮመጠጠ ኪያርና ከቼሪ ጠርሙስ ጀርባ፣
ከገመድ ሁሉ ተነቅሎ፣
በሽቦ የሚመጣ ሌባ እንኳ የሚገባበት እንዲያጣ።
‹የምንደውልላቸው ቁጥሮችስ?›
ወረቀት ላይ፤ ማሽኑ ሲሞት ማሽኑን አትጠይቀውም።
‹መክፈቻውን ቃል ማን ይወቅ፣ እኔ ብታመም?›
እዚህ ላይ እርሳሱ ቆመ።
ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ለማንም ቁልፍ አልሰጠም።
ቆይቶ ቆይቶ ‹ዳኑታ› ብሎ ጻፈ፣
የቆዳ ቆራጯን ስም፤ ፖስታውን በምላሱ አሸገ።

ከዚያ፣ ካፖርቴን ስደርብ፣
ከወር በፊት የጠየቅሁትን ዛሬ መለሰልኝ፦
‹ሁለት ቀን ዘግቼ እችላለሁ።
የአንድ ቀን ሥራ እደግማለሁ። ከዚያ በላይ ግን አይሆንልኝ።›

ሐሙስ ቲሞን መጣ፤ ጫማው ልኩ ነበር፤
የዘንድሮው ቁጥር ከዋናው ማሽን መች ጠፍቶ ነበር።
ኢግናጺ ግን ተንበረከከ፤ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፤
ተረከዙን፣ ቅስቱን፣ አውራ ጣቱን
ደግሞ ለካ።
‹ጫማው ተሰፍቶ የለ? ለምን ትለካኛለህ?›
አለ ልጁ፣ ሲኮረኩረው እየሳቀ።

‹እሑድ ዕለት› አለው ሽማግሌው፣
‹ጠፍተህብኝ ነበር።›