ግማሹ

ባሕር የማያውቃት የከሰል ከተማ፣
ኦስትራቫ ውስጥ ነው የኔ ባሕር ያለው፤
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአልጋዬ ግርጌ፣
መቶ ሊትር ውሃ መስታወት ያቀፈው።

ዓርብ ዓርብ በባልዲ ጨው እበጠብጣለሁ፣
ልኩን እስኪመታ ደጋግሜ አያለሁ፤
ውሃው ተኖ ተኖ ጨው ብቻ ሲከማች
የጎደለውን ያህል ጨው አልባ እሞላለሁ።
"ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" የሚሉት ተረት
ለኔ አልሠራም መሰል፤ እኔ የማሟሟው
ለአንድ አፍ፣ ለአንድ እግር፣ ዓይን ለሌለው ፍጥረት።

የባሕር አበባ ነው ሲሉት እሰማለሁ።
አበባስ ሥር አለው። አበባ አይናደፍም።
ይኼ ግን ጣት ነው፤ መቶ ጣት፣ ጫፋቸው
እንደ ሕፃን ከንፈር አብጦ የቀላ።
በወረንጦ ይዤ ሽሪምፕ ብጤ ስሰጠው
ጣት ለጣት ያቀብላል፣ ሳይቸኩል ሊበላ።
እጄን ያውቀዋል እላለሁ። ብቻውን የኖረ
ሰው የማይለው የለም።

በሦስተኛው ሌሊት ካስቀመጥኩት ድንጋይ
ለቅቆ ተነሣ። በመስታወቱ ላይ
በአንድ እግሩ ይሄዳል፤ ላንድ ስንዝር መንገድ
ሌሊቱን ይፈጃል።
አቅጣጫው ፓምፑ ነው፤ ፓምፕ ደግሞ አያዝንም፣
የሳበውን ሁሉ ከትፎ ይተፋል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሊፍት የጠገንኩ ነኝ፤
ማሽን ምን እንደሚወድ ማን ይነግረኛል?
ስፖንጅ ቆራርጬ አፉን ሸፈንኩለት፣
ከዚያ ወንበር ስቤ፣ እስኪነጋ ድረስ፣
እንደ ዘበኛ ሆኜ ተቀመጥኩለት።

መጋቢት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ፦
ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ፣
አንድ ብርድ ልብስ እንደሚጓተቱ
ሁለት ወንድማማች።
ሊሞት ነው ብዬ ነበር።
መሐሉ ሳሳ፣ ሳሳ፣ እንደ ክር ቀጠነ፤
የመጀመሪያው ትራም ከታች ሲያቃጭል
ተቆረጠ። ደም የለ። ድምፅም የለ።
ሁለቱም የቆሰለ ጎናቸውን አጥፈው
በግማሽ አፋቸው ሙሉ አፍ ሊሠሩ
ዝም ብለው ተኮማተሩ።

አባታችን ከከተማ ውጪ ጎጆ ነበረው፣
ሦስት የፕለም ዛፍ ያለው። የሸጥኩት እኔ ነኝ።
"ግማሹ ያንተ ነው" ብዬው ነበር ለኦታካር፤
ገንዘቡ ግን እጄ ላይ እንደዚያ ውሃ ተነነ።
ክስ አላመጣም። ሰላምታ ብቻ ተወ።
ዐሥራ ሰባት ዓመት።
ጨው የምትሸጥልኝ ያርሚላ ናት አንድ ቀን
"ወንድምህ" ያለችኝ፣ "ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤
ያንተኑ ዓይነት ጨው ይወስዳል። ድንጋይና ውሃ
ብቻ ነው ያለው አሉ። አበባ የለውም።"

ሦስት ሳምንት ቆየሁ፣ ቁስሉ እስኪሽር ድረስ።
አንደኛውን ግማሽ ከድንጋይ ለማላቀቅ
ጥፍር እንጂ ቢላ አይሆንም፤ ቀስ፣ ቀስ።
በባልዲ አድርጌ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣
ትራም ተሳፈርኩኝ። ውሃው እየፈሰሰ
ሱሪዬን አራሰው።
አንዲት ልጅ አየችና "ምንድነው እሱ?" አለች።
"ዕዳ ነው" አልኳት። እናቷ ሳበቻት።

ኦታካር ሸብቷል። ያባታችን ነጠላ ጫማ
እግሩ ላይ አለ።
ባልዲውን አየ፤ እኔን ገና አላየም።
"ምንድነው?"
"ግማሹ።"
"የምኑ?"
"ተከፈለ" አልኩት። "መጋቢት ላይ ተከፈለ።"
ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ዝም አለ፣ ዝም አለ።
"ቀዝቅዟል" አለኝ። "ግባና በሩን ዝጋው።"

አንድ ኩባያ ከሱ፣ አንድ ኩባያ ከኔ፣
ውሃ ከውሃ እስኪላመድ ሁለት ሰዓት ፈጀብን።
ስለ ጎጆው ማንም ቃል አልተነፈሰም።
ሱሪዬ ላይ ጨዉ ደርቆ ነጣ።
ስወጣ አጎንብሼ በመስታወቱ አየሁ፦
ጣቶቹ ተከፍተዋል፤
እግሩ ግን ድንጋዩን ገና አልያዘም ነበር።