ለዘጠነኛ ክፍሏ

ባጃጁን ከሳቢያን በጠዋት ትይዣለሽ፣
ዩኒፎርምሽ ሰፊ፤ «ታድጊበታለሽ»
ብለው ነው የገዙት። ሂጂ አቦ፣ አትፍሪ፣
በሚያዝያ ያጥርሻል፤ ግቢ ተደርደሪ።
ስለ አልጀብራው እንኳ ምክርም የለኝም፤
ኤክስ የት እንደገባ ዛሬም አልገባኝም።

ግን በመስኮቱ ጥግ፣ የኒሟ ጥላ ከሚያርፍበት፣
ሂቦ ተነስታ ስታነብ፣
ጳጉሜን «ባጉሜ» ስትል፣
ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ፣
እዚያ ላይ ጠብቂኝ።

እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣
ተራው ወደኔ እንዳይዞር።
በእረፍት ግማሽ ሳንቡሳዋን ሰጠችኝ፤
ዘይቱ የደብተሬን ሽፋን አልፎ ገባ።
ከጥር በኋላ ወንበሯ ባዶ።
የት ሄደች ያለ የለም፤ እኔም አላልኩም።

ሳንቡሳውን ብዪ፤ ሳቅሽን ዋጪው፤
ስሟን ከነአያቷ ደብተርሽ ላይ ጻፊው።
ዛሬ «ሂቦ» ብቻ ብዬ
ከመጋላ እስከ ከዚራ ስጠይቅ
ይሳቅብኛል፦
«የትኛዋ ሂቦ?»